የቀለሙ ከፋይ

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ ወሬውን ከእንግሊዝ ጋዜጦች ቀድሞ ያተመው የአሜሪካው ኒውዮርክ ሄራልድ ነበር። ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ጦር ጋር የዘመተው ዘጋቢው ሄንሪ ስታንሊ መልእክቱን ከሌሎቹ አስቀድሞ በቴሌግራም ስላስተላለፈ ስሙ ገነነ። የሄራልድ ባለቤት ጄምስ ጎርደን ቤኔት ደግሞ ጋዜጣ ወሬ እስኪመጣለት ከመጠበቅ ወሬውን ራሱ ቢያዘጋጅ እንደሚያዋጣው የገባው ሰው ነበር። ያንኑ ስታንሊን አሳሹን ሊቪንግስተንን ፈልግ ብሎ ወደ መካከለኛው አፍሪካ የላከው እሱ ነው። ከመቅደላ 30 ዓመት ያህል በኋላ ቤኔት ፊቱን ወደ አዲሱ የአውሮፓ ጉድ፣ ወደ መኪና አዞረና አገሮች የሚፎካከሩበት ዋንጫ ሰጠ። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1900 ከፓሪስ ወደ ሊዮን ተካሄደ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ አንድ አገር ከሦስት መኪና በላይ ማሰለፍ አይችልም፤ መኪናውም እስከ ጎማው ድረስ እዚያው አገር የተሠራ መሆን አለበት። መኪኖቹን ከሩቅ ለመለየት እያንዳንዱ አገር የራሱን ቀለም ይያዝ የሚለው ሐሳብ የካውንት ኤሊዮት ዝቦሮቭስኪ ነው ይባላል። ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ቤልጂየም ቢጫ፣ ጀርመን ነጭ ያዙ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1903 ውድድሩ አየርላንድ ላይ ሲደረግ አረንጓዴ ለበሰች። ጣሊያን ቀዩን ያገኘችው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ እ.ኤ.አ. በ1907 ከፔኪንግ እስከ ፓሪስ በተደረገው ጉዞ በቀይ ኢታላ መኪና አንደኛ ከወጣ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል።

ይህን ከሥሩ ማንሳት ያስፈለገው፣ ስለ መኪና እሽቅድምድም ሲወራ ሁልጊዜ የሚደጋገም አንድ ትረካ ስላለ ነው። ድሮ መኪናው የአገሩን ቀለም ለብሶ ለክብር ይወዳደር ነበር፤ በኋላ ግን የሲጋራ፣ የቢራ፣ የነዳጅና የቁማር ገንዘብ መጣና ሰንደቁን አውልቆ የንግድ ምልክት ለጠፈበት ይባላል። ትረካው ለጆሮ ይጥማል፤ ግን እውነት አይደለም። የአገር ቀለም ራሱ የተወለደው አንድ የጋዜጣ ባለቤት ሽያጩን ለማሳደግ ባዘጋጀው ዋንጫ ላይ ነው። ከዚያም ወዲህ ቀለሙን የቀባ ሁሉ ከፋይ ነበረው፤ አንዳንዴ ነጋዴ፣ አንዳንዴ መንግሥት። በሥነ ምግባር ረገድ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ሰንደቅ ይሻላል ወይስ ስፖንሰር የሚለው አይመስለኝም። የሚጠየቀው ከቀለሙ ጀርባ ያለው ገንዘብ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዲያስረሳ እንደተከፈለና ከፋዩ ቢያጠፋ ቀለሙን ለማውረድ የሚደፍር መኖሩ ነው። ይህን ለማየት ከኢትዮጵያ የተሻለ ቦታ የለም፤ ከአገር ቀለሞች ሁሉ የታወቀው የጣሊያን ቀይ በአገሩ ድል ሲያከብር እኛ በመርዝ ጋዝ እንነድ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1933 የሙሶሊኒ መንግሥት ለኪሳራ የተቃረበውን አልፋ ሮሜዮ ኢሪ በተባለው የመንግሥት ድርጅት በኩል ጠቀለለው። ከዚያ ወዲህ በየአደባባዩ የሚሮጠው ቀይ አልፋ የመንግሥት ንብረት ነበር ማለት ነው፤ ምንም እንኳ መኪኖቹን ለውድድር የሚያሰልፈው የኤንዞ ፌራሪ ቡድን ቢሆንም። በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዘው ሂትለርም ለመርሴዲስና ለአውቶ ዩኒየን የእሽቅድምድም ድጎማ ሰጠ። የጀርመን ነጭ ወደ ብርማ የተለወጠው በዚህ ገንዘብ ዘመን ነው። የመርሴዲስ ቡድን መሪ አልፍሬድ ኖይባወር መኪናው ከተፈቀደው 750 ኪሎ ስለበለጠ ሌሊቱን ቀለሙን ፍቀን አወረድነው ብሎ ጽፏል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህን ይጠራጠሩታል። ጣሊያን በቅኝ በያዘቻት ሊቢያ ደግሞ የትሪፖሊ ግራንድ ፕሪ ከሎተሪ ጋር ተጣምሮ ነበር። አርበኛው ዑመር ሙኽታር ከተሰቀለ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ጣሊያኖች በሚሊዮን ሊሬ የሚቆጠር ዕጣ በመኪኖቹ ላይ አሲዘው ተመለከቱ። አሽከርካሪዎቹ ተመሳጥረው አሸናፊውን ወስነዋል የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ ዕጣው ታማኝነት እንጂ ውድድሩ የማን መሬት ላይ እንደተደረገ አይደለም።

አሁን 1928 ዓ.ም. ላይ ደረስን። የጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻገረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ሲውል ከሁሉ ዋናው ነገር፣ ነዳጅ፣ አልተካተተበትም። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ተደረገ፤ የሚያፈገፍገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ከአየር ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ከማይጨው ልክ አምስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 27 ቀን፣ ጣሊያን ውስጥ ታላቁ የሚሌ ሚሊያ ውድድር ተካሄደ። ቀይ አልፋዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው ገቡ፤ አሸናፊዎቹ አንቶኒዮ ብሪቪዮና ካርሎ ኦንጋሮ ነበሩ። በማዕቀቡ ምክንያት የውጭ ተወዳዳሪ አልመጣም ለማለት ይቻላል፤ በቤንዚን ምትክ በሌላ ነዳጅ ለሚሄዱ መኪኖችም ቦታ ተሰጥቶ ነበር፤ ጣሊያን ማንንም ሳትለምን እንደምትኖር ለማሳየት። ኢትዮጵያን ከደበደቡት ቦምብ ጣዮች አንዱ የነበረው ሳቮያ ማርኬቲ 81 ከሚገጠሙለት ሞተሮች መካከል የአልፋ ሮሜዮ ሥሪት ይገኝበት ነበር። ያው ባለቤት፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ገንዘብ።

ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከደሴ የተነሳው የጣሊያኑ አዛዥ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በላይ በሆኑ መኪኖች ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ ነበር፤ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጣርማበር ላይ መንገዱን ሊዘጉበት ሞከሩ፤ ሊያዘገዩት እንጂ ሊያቆሙት አልቻሉም። ጦሩ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱን ያዘ። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ከሮም ሰገነት ሆኖ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት መመሥረቱን አወጀ። በማግሥቱ ግንቦት 2 ቀን ትሪፖሊ ላይ ግራንድ ፕሪ ነበር። ሁለቱ የአውቶ ዩኒየን ብርማ መኪኖች ፊት ለፊት ይመሩ ነበር፤ አንዱን ጀርመናዊው ሃንስ ሽቱክ፣ ሌላውን ጣሊያናዊው አኪሌ ቫርዚ ይዘዋል። ቡድኑ ሽቱክን ቀስ በል፣ ቫርዚን ፍጠን አለ፤ በዚያ ቀን በዚያ መሬት ጣሊያናዊ እንዲያሸንፍ ከላይ ተፈልጎ ነበር ተብሎ ተተርኳል። ቫርዚ አሸነፈ። ማታ በግብዣው ላይ የሊቢያው ገዥ ኢታሎ ባልቦ ጽዋውን ያነሣው ለሽቱክ ነው፣ እውነተኛው አሸናፊ አንተ ነህ ሲል፣ ይላል ያው ትረካ። ጣሊያናዊ አሽከርካሪ በጀርመን ቀለም በተቀባ መኪና በአፍሪካ ምድር ድል እንዲያደርግ መደረጉ፣ ቀለሙ ከፋዩ በፈለገው ጊዜ የሚታጠፍ ነገር መሆኑን ያሳያል። በዚያው የፈረንጅ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1929 መግቢያ፣ ሮምና በርሊን ወዳጅነታቸውን በይፋ አሰሩ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ቀዩ ቀለም ከፋሺዝም በፊት የነበረ ነው፤ አሽከርካሪዎቹም ጋዝ አልረጩም። ታዚዮ ኑቮላሪ ሐምሌ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ኑርቡርግሪንግ ላይ ባረጀ አልፋ የጀርመንን የድጎማ መኪኖች ሁሉ አሸንፎ የናዚ ሹማምንትን አንገት ሲያስደፋ፣ ያ የሰው ብቃት ነው እንጂ የሙሶሊኒ ሥራ አይደለም። እስማማለሁ፤ ያንን ድል ማንም አይቀማውም። ነገር ግን እኔ የምከሰው አሽከርካሪውን አይደለም። ሙሶሊኒ ያልሠራውን ድል የራሱ ማድረግ የቻለው ቀለሙ ለዚያ የተመቸ ስለሆነና የሚከፍለውም እሱ ስለነበር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ሰንደቁም የሁሉም ነው የሚል ነው። የሊቢያ ሕዝብ ስለ ትሪፖሊ ተጠይቆ ነበር? ወይስ የሆለታ ልጆች? እነዚያ ተማሪዎች ዋና ከተማቸው ከተያዘች በኋላ፣ ዛሬ ከአስኮ ወጥቶ በቡራዩና በሆለታ አድርጎ ወደ አምቦና ነቀምት በሚወስደው አቅጣጫ ነው ወደ ምዕራብ ያፈገፈጉት። ነቀምት ላይ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ድርጅት አባላት ሆኑ፤ ሰኔ 19 ቀን ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አጠቁና አቃጠሉ። በትሪፖሊው ውድድርና በቦናያ መካከል ያለው ጊዜ ከሰባት ሳምንት አይበልጥም። የመኪና እሽቅድምድም መጻሕፍት ግን ስለ ጣርማበርና ስለ ቦናያ እምብዛም አያነሡም።

ከጦርነቱ በኋላ የአገር ቀለም ደንብ ቀጠለ፤ ገንዘቡ ግን የነዳጅና የጎማ ኩባንያዎች ሆነ። እነሱ እጃቸውን ሲሰበስቡ እ.ኤ.አ. በ1968 ማስታወቂያ ተፈቀደ። ሁሉም የሚያስታውሰው የእንግሊዙን ሎተስ ነው፤ አረንጓዴውን አውልቆ የጎልድ ሊፍ ሲጋራን ቀይ፣ ነጭና ወርቃማ ቀለም የለበሰውን። ከሎተስ በፊት ግን በዚያው ዓመት በፈረንጅ ጥር 1 ቀን ደቡብ አፍሪካ ክያላሚ ላይ ሌላ መኪና የሲጋራ ቀለም ተቀብቶ ተሰልፏል፤ የቲም ገንስተን ቡድን ብራባም መኪና፣ አሽከርካሪው የሮዴዥያው ጆን ላቭ። ስለዚህ በፎርሙላ ዋን ታሪክ መኪናውን በስፖንሰር ቀለም የቀባው የመጀመሪያው ቡድን የመጣው የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ከተጣለባት ከነጮቹ ሮዴዥያ ሲሆን፣ የተወዳደረው ደግሞ በአፓርታይድ አገር ነው። ሰንደቅን ያበላሸው ንግድ ነው የሚለው ሰው ይህን ልብ ይበል። ንግዱ ሲገባ ያገኘው ንጹሕ ሰንደቅ አልነበረም።

ክያላሚ ከ17 ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ታሪኩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደቡብ አፍሪካ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ሆና ጥቁሮች በየቀኑ ሲገደሉ፣ ፎርሙላ ዋን ውድድሩን አልሰርዝም አለ። በፈረንሳይ መንግሥት ግፊት ሬኖና ሊዥዬ ቀሩ። ሌሎቹ ሄዱ። አንዳንድ ስፖንሰሮች፣ ማርልቦሮ ጭምር፣ ያደረጉት ነገር ግን ከመቅረትም ከመሄድም የተለየ ነው፤ ስማቸውን ከመኪኖቹ ላይ አንሥተው መኪኖቹን ለቀቁ። ገንዘቡ ሮጠ፣ ፊርማው ተደበቀ። ይህን እንደ ሕሊና ውሳኔ የሚያወድሱ አሉ። እኔ ግን የኀፍረት ማረጋገጫ አድርጌ ነው የማየው፤ ስምህን ልታኖርበት የማትደፍርበት ቦታ ገንዘብህ ምን ያደርጋል? ይሁንና አንድ ነገር አስተምሯል፤ መንግሥት ያዘዛቸው ቡድኖች ሲቀሩ፣ ስፖንሰርም ከአደባባይ ሐሜት ሲሸሽ ታየ። ሰንደቅም ገንዘብም በግፊት ይንቀሳቀሳሉ ማለት ነው፤ ግፊቱን የሚያደርግ ከተገኘ።

የሲጋራው ዘመን ረጅም ነው፣ ነገሩ ግን አጭር። የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥልጣን እንደያዘ የሲጋራ ስፖንሰርን ለማገድ ቃል ገባ፤ ለፎርሙላ ዋን ግን ልዩነት ሊያደርግ ፈለገ። ወዲያው የፎርሙላ ዋኑ አለቃ በርኒ ኤክልስቶን ለፓርቲው 1 ሚሊዮን ፓውንድ መስጠቱ ወጣ። ፓርቲው ገንዘቡን መለሰ፤ ቶኒ ብሌርም በቴሌቪዥን ቀርቦ ለማስረዳት ተገደደ። የአውሮፓ ኅብረት እገዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጣ በኋላ ፌራሪ የማርልቦሮን ስም ትቶ ባርኮድ የሚመስል ሥዕል ለጠፈ፤ ሐኪሞች እስኪጮኹበት እስከ 2010 አላነሣውም። የሚያሳዝነው ግን ባርኮዱ አስፈላጊ እንኳ አለመሆኑ ነው። የጣሊያን ቀይና የሲጋራው ቀይ ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን ኖረው ዓይን ስለለመዳቸው፣ የአገር ቀለም ያለ አንዳች ጽሑፍ ሲጋራ ሊሸጥ ይችል ነበር።

እኛ ፎርሙላ ዋን የለንም፤ ቀለምና ከፋይ ግን አለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው በዚያው በ1928 ዓ.ም.፣ ጦሩ ከመግባቱ ጥቂት ወራት በፊት ነው፤ ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ሊቶርዮ የሚል የፋሺስት ስም ለጠፉበት። የቢራ ፋብሪካዎች ክለብ መያዝም በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ሐረር ቢራና ሜታ አቦ ለረጅም ጊዜ፣ ዳሸን ቢራ ደግሞ ከጎንደር ተጫውተዋል። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ አንድ ደረጃ ወጣ፤ የሔኒከን ዋልያ ቢራ ዋልያዎቹ የሚባለውን ብሔራዊ ቡድናችንን ስፖንሰር አደረገ። ብርቅዬው የዱር እንስሳ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ማልያውና የውጭ ኩባንያ ጠርሙስ አንድ ላይ ተነገሩ። ደጋፊው ቡድኑን ሲጠራ ቢራውንም አብሮ ያስተዋውቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ የትንባሆን ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ጥሩ ሕግ ነበር። ግን የወጣው ቦታ ባዶ አልቆየም፤ በ2013 የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጋችን የቤትኪንግን፣ ማለትም የውርርድ ኩባንያን ስም ተሸከመ። ያን ጊዜ ከአስኮ እስከ ሳሪስ በየሰፈሩ የስፖርት ውርርድ ቤት ይከፈት ነበር፤ የሊጉ ስምም የውርርዱ ማስታወቂያ ሆነ።

ክለቦቻችን ድሆች ናቸው፣ ገንዘብ ካልመጣ ተጫዋች ደመወዝ አያገኝም የሚል መልስ አለ። መልሱ ክብደት አለው፤ ደመወዝ በወራት የሚዘገይበት ሊግ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ እኔም ስፖንሰር ይቅር አልልም። ድህነት ግን ውል መፈረምን እንጂ ውልን መደበቅን አያስገድድም። የብሔራዊ ቡድን ማልያ ላይ ማን በስንት ብር፣ በምን ግዴታ፣ እስከ መቼ እንደ ተለጠፈ ሕዝቡ ሳያውቅ ከቀረ፣ ያ ማልያ የሕዝብ ነው ማለት አንችልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሁለቱን ነገር፣ ሰንደቁንና ገንዘቡን፣ አንድ ላይ አቅርቦ ያሳየን የፎርሙላ ዋኑ የሃስ ቡድን ነው። የዓለም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በመንግሥት በተደገፈው የአበረታች መድኃኒት ቅሌት የተነሣ የሩሲያ ሰንደቅ በዓለም ሻምፒዮናዎች እንዳይውለበለብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ወሰነ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አሜሪካዊው ሃስ መኪናውን በነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀብቶ ወጣ። ገንዘቡ ከሩሲያው የማዳበሪያ ኩባንያ ኡራልካሊ ነበር፤ ከአሽከርካሪዎቹ አንዱ ኒኪታ ማዜፒን የኩባንያው ባለሀብት ልጅ ነው። ቡድኑ ቀለሙ የስፖንሰሩ እንጂ የሰንደቁ አይደለም አለ፤ የአበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪው ተቋም እመረምራለሁ አለ፤ መኪናው ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ተቀባ ሮጠ። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የመጣው ነገር እዚህ ላይ ተጠናቀቀ፤ ሰንደቅ በፍርድ ቢታገድ በስፖንሰር ስም ተመልሶ ይገባል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ላይ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ሃስ ቀለሙን በአንድ ሌሊት ፍቆ ባርሴሎና ላይ ነጭ መኪና ይዞ ወጣ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ውሉንም አሽከርካሪውንም አሰናበተ።

ይህን በጎ ሥራ የሚሉ ትክክል ናቸው፤ ግን አንድ ዓመት የዘገየ በጎ ሥራ ነው። ደግሞም ሒሳቡ አልተዘጋም ነበር። ኡራልካሊ ለ2022 ዓመት አስቀድሞ 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ነበርና ገንዘቤን አለ። ግልግሉ ከፊሉን መልሱ ብሎ በ2024 ወሰነ፤ ክፍያው ስለዘገየም በነሐሴ ወር ዛንድቮርት ላይ የኔዘርላንድ የፍርድ አስፈጻሚዎች የሃስን ንብረት ሊይዙ መጡ፤ መኪኖቹ ከአገር የወጡት ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ቀለምን በአንድ ሌሊት መፋቅ ይቻላል፤ የተበላ ገንዘብ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። ከፋዩ ባጠፋ ቀን እንዴት እንደሚለያዩ፣ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብም ምን እንደሚሆን በውሉ ውስጥ በግልጽ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኛ ፌዴሬሽኖችም ሊማሩ የሚገባው ከዚህ ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የሊጉ አክሲዮን ማኅበር አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ከማንም ጋር ከማጣመራቸው በፊት የከፋዩን ስም፣ የገንዘቡን መጠንና ውሉ የሚፈርስበትን ምክንያት በአደባባይ ያትሙ። የስፖርት ጋዜጠኞችም በየፊርማ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ውሉን ጠይቁ።